የቆቦ መንገድና አንዲት የአደራ ልጅ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ጥቂት እንደ ተጓዘ ተራራው ወደ ግራው እየሸሸ አገሩ ፊት ለፊቱ ይከፈትለታል። 2,000 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ የተነሣው መኪና እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ወደ ራያ ሜዳ ይገባል። በወልድያ ጋቢ የደረበ ሰው ጎብዬ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በጉልበቱ ላይ ያኖረዋል፤ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፤ ቆቦ ሲገባ ደግሞ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ይፈልጋል። ከወልድያ እስከ ቆቦ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢቆጠር ግን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

የቆቦ ሜዳ በሁለት ተራሮች መካከል የተዘረጋ ነው። በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር ቆላ ነው። ክረምት ሲሆን ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ደለል ተሸክሞ በሜዳው ላይ ይፈስሳል። ገበሬውም ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። በአንድ ሌሊት የመጣ ጎርፍ ለብዙ ቀን የሚበቃ እርጥበት ጥሎ ይሄዳል፤ ቦዩን የሚጠብቅ ሰው የጠፋ እንደ ሆነ ግን ያው ጎርፍ አዝመራውን ጠርጎ ይወስደዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በቆቦና በጊራና ሸለቆ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ እየተቆፈረ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ መልማት ጀምሯል። የአገሩ ዋና እህል ግን ምን ጊዜም ማሽላ ነው። በገበያው አማርኛና ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይሰማል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በሰርግና በለቅሶ አይለያዩም።

እኔ ይህን አገር ያወቅሁት በመምህርነት ነው። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ፊደልና ዳዊት ተምሬ፣ ዲቁና ተቀብዬ፣ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቼ መምህር ከሆንሁ በኋላ፣ ከዞብል ግርጌ በሚገኝ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት አስተምሬአለሁ። ከዚያም ወደ ደሴ ተዛወርሁ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው እንደ ገና ወደ ቆቦ የወረድሁት ግን ሥራ ኖሮኝ አይደለም፤ አንዲት ልጅ ለማየት ነበር። ስሟንና የመንደሯን ስም አልጽፍም። ታሪኳን ግን እንድጽፍ እርሷም አሳዳጊዋም ፈቅደውልኛል፤ በታሪኩ ውስጥ የእኔም ጥፋት ስላለበት ከእነርሱ ይልቅ መናገር የሚገባኝ እኔ ነኝ።

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ በሰሜን ወሎ ብርቱ ድርቅ ሆነ፤ የራያም ማሽላ ሳያፈራ በቁሙ ደረቀ። ልጅቱ የ10 ዓመት ልጅና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት፣ ከአባቷና ከሰባት ዓመት ወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ሳለን ከወንበሩ መደገፊያ ፈቀቅ ብላ እንደ ችካል ቀጥ ብላ መቀመጧን ተመለከትሁ። «ለምን አትደገፊም?» ብላት ዝም አለች። በዕረፍት ሰዓት አንዲት ባልደረባዬ ወደ ጎን ወስዳ ብታያት፣ ልብሷ ከጀርባዋ ቁስል ጋር ተጣብቆ ነበር። በግመል አለንጋ የተገረፈችው ፍየል ስለ ጠፋባት ነው።

እኔም አባቷን ወደ ትምህርት ቤት አስጠራሁት። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ በአክብሮት ተቀመጠ። «መምህር፣ ልቀጣት ብዬ እንጂ ልጎዳት ብዬ አይደለም፤ ድርቁም እንደሚያዩት ነው» አለኝ። እኔም በዲቁናዬ የተማርሁትን እያሰብሁ ለእርሱ ስለ ትዕግሥት፣ ለእርሷ ስለ መታዘዝ መከርኋቸው። ለልጅቱም አባትና እናትን ማክበር የእግዚአብሔር ትእዛዝ መሆኑን ነግሬ፣ የአባቷን እጅ አስይዤ ሰደድኋት። ያን ዕለት ማታ መልካም ሥራ እንደ ሠራሁ አምኜ ተኛሁ።

ነገር ግን ሐዋርያው ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ባዘዘበት በዚያው ስፍራ፣ አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዟል። እኔ ለልጅቱ ያስተማርኋት የትእዛዙን ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ ለአባቷ በድፍረት ያልተናገርሁበት ምክንያት ምን እንደ ነበር ኋላ ላይ ራሴን ጠይቄአለሁ። በዚያን ጊዜ በእኔም ጠረጴዛ ላይ አርጩሜ ነበረ። በልጅነቴ በመምህሬ እጅ ተገርፌ ፊደል ስለ ቈጠርሁ፣ ግርፋትን የትምህርት ታናሽ ወንድም አድርጌ እቈጥረው ነበር። በእጁ አርጩሜ የያዘ ሰው አለንጋ የያዘውን ሊገሥጽ አፉን አይሞላውም። በሚቀጥለው ሰኞ ልጅቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም። የቤት ምስጢር አውጥተሻል ተብላ ዳግመኛ ተገርፋለች፤ በእሑድ ሌሊትም ከቤት ጠፍታለች።

ያን ሌሊት እንዴት እንደ ሄደች የነገረችኝ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። ከቆቦ ከተማ ወጣ ብለን በሆርማት ወንዝ ዳር ስንሄድ፣ ቆማ ወደ ምሥራቅ ወደ ዞብል በጣቷ አሳየችኝ። «በዚያ በኩል ነው የመጣሁት» አለች። ወንድሟ ተኝቶ ስለ ነበር ልብሱን አስተካክላ አልብሳው ወጣች። የጥርጊያው መንገድ ላይ ሰው እንዳያገኛት ፈርታ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ሄደች፤ ምነው ብላት «አሸዋው እሾህ የለውማ» አለችኝ። ባዶ እግሯን ነበረች። ጅብ ሲጮኽ ትቀመጣለች፤ ዝም ሲል ትነሣለች። ከሩቅ ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚሄደው የአስፋልት መንገድ ላይ የጭነት መኪናዎች መብራት ይታያት ነበር። መኪናዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ቆቦ እንደ ሆነ፣ በቆቦም የክርስትና እናቷ እንደሚኖሩ ታውቃለች። ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። ጎሕ ሲቀድ ከበራቸው ደረሰች።

የክርስትና እናቷ ከዚያው መንደር የተወለዱ፣ ባላቸው ሲሞቱ ወደ ከተማ ገብተው እንጀራ እየጋገሩ ለሻይ ቤቶች በመሸጥ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። በዚያች ጎሕ ለእሳት የሚሆን እንጨት ሊያነሡ በር ሲከፍቱ ልጅቱን ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኟት። «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው አልጠየቋትም። እግሯን በለብ ያለ ውኃ አጥበው፣ ከመጀመሪያው እንጀራ ቈርሰው ሰጧትና አስተኟት። ከዚያም ወደ ቀበሌው፣ ከቀበሌውም ወደ ወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄደው፣ «የሰው ልጅ በቤቴ አለች፤ ሸሽጌአታለሁ እንዳልባል እወቁልኝ» ብለው አስታወቁ። ይህ ብልህነት ነበር፤ ልጅን ከክፉ ማዳን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሕግን ምስክር ማድረግ ይገባዋልና።

በሦስተኛው ቀን አባቷ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። በራያ ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፤ የተገዳደሉ ዘመዳሞችን ሳይቀር ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ሽማግሌን ባዶ እጁን መመለስም ነውር ነው። ባልቴቲቱ ቡና አፍልተው ካስተናገዱ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «አባቶቼ፣ የሰማንያ ቀን ልጅ ሳለች በቤተ ክርስቲያን ታቅፌ ስለ እርሷ ቃል የገባሁ እኔ ነኝ። እናንተ ለማስታረቅ መጣችሁ፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሲኖሩ ነው ዕርቅ። እርሷ አልተጣላችም፤ ተመታች እንጂ።» ቀጥለውም ከጎረቤት አንዲት አሮጊት አስጠርተው የልጅቱን ጀርባ አሳዩና፣ ያዩትን ለሽማግሌዎቹ እንዲናገሩ አደረጉ። አሮጊቷ ተናግረው ሲጨርሱ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «ልጅቱ ትቆይ» አሉ። አባቷም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ነገሩ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ሲደርስ ያየሁትን እንድጽፍ እኔም ተጠየቅሁ። የጀርባዋን ቁስል ብቻ ጽፌ፣ መልሼ የሰደድኋት እኔ መሆኔን መተው እችል ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝምና። አንድ ሌሊት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ አድሬ ሁለቱንም ጻፍሁ። በማግስቱም አርጩሜውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥቼ ሰበርሁት። ፍርድ ቤቱ አባትየውን ቀጣ፤ የልጅቱንም አሳዳሪነት ለክርስትና እናቷ ሰጠ። አባቷ እርሳቸው ባሉበት መጥቶ እንዲያያት ፈቀደ፤ ወንድሟም በአጎቱ ጠባቂነት እንዲኖር ተደረገ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ልጅን ከአባቱ መለየት ይገባልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ሁሉ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ በዚያው አንቀጽ ግን ሕፃናትን በሚመለከት ነገር ሁሉ የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ያዝዛል፤ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያም በአካል መቅጣትን ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለአስተዳደግ የሚደረገውን ተገቢ ተግሣጽ ወንጀል አይለውም፤ ልጅን ማሠቃየትና ማጐሳቆልን ግን ይቀጣል። ብዙ አባቶች በዚህ «ተገቢ ተግሣጽ» በሚለው ቃል ውስጥ አለንጋቸውን ለመሸሸግ ይሞክራሉ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ ተግሣጽ ልጁን ወደ ገሣጩ ያቀርበዋል፤ ግርፋት ግን በሌሊት በደረቅ ወንዝ ውስጥ ያስኬደዋል።

ስለ ድርቁም አንድ ነገር ልናገር። ረኃብ ቁጣን እንደሚያበዛ አውቃለሁ። ነገር ግን የልጅቱ ቤት ጎረቤትም እንዲሁ ማሽላው ደርቆበት፣ አምስት ልጆች ይዞ፣ ከእርዳታ በተሰፈረለት ስንዴ ይኖር ነበር፤ እጁን ግን በአንዳቸውም ላይ አላነሣም። ስለዚህ ችግር የልጅን መመታት ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ አያጸድቀውም።

የሌላውን ልጅ ማሳደግ ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። «ማደጎ» የምንለው ቃል ከማደግ የወጣ ነው። በቀድሞ ጊዜ ማር በተቀባ ጡት ወይም ጣት ልጅን አጥብቶ የራስ ማድረግ ነበርና «የጡት ልጅ» ይባል ነበር። «ጉዲፈቻ» ከኦሮሞ ወገኖቻችን የመጣ ቃል ነው፤ ዛሬ የመላው ሀገር የሕግ ቃል ሆኗል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ጉዲፈቻ አድራጊው ከ25 ዓመት ያላነሰ ሰው መሆን አለበት፤ ስምምነቱም በፍርድ ቤት መጽደቅ ያስፈልገዋል። ከዚህም በቀር «አደራ» አለ። የአደራ ቤተሰብ ልጁን የራሱ ሳያደርግ፣ ስሙንና ወገኑን ሳያስለውጥ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን እስኪመጣ ወይም ራሱን እስኪችል ድረስ ያሳድገዋል። በ2001 ዓ.ም. መንግሥት ያወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ልጁን በማኅበረሰቡ ውስጥ መርዳትን፣ ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማገናኘትን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና የማሳደጊያ ተቋምን በየተራ ይዘረዝራል። ከጥር 2010 ዓ.ም. ጀምሮም ልጆችን ለውጭ ሀገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ስለ ተከለከለ፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ የማሳደጉ ነገር በእኛው ጫንቃ ላይ ወድቋል።

መጽሐፍ ቅዱስንም ብንመለከት ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት አድጓል፤ ሳሙኤል በዔሊ እጅ፣ አስቴር በመርዶክዮስ ቤት አድገዋል፤ ጌታችንም በሥጋ ጠባቂው አረጋዊ ዮሴፍ ነበር።

የወሎ ምድርም በዚህ ነገር የሚታወቅ ታሪክ አለው። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በሰሜን ሸዋ የተወለዱ ናቸው። አባታቸው ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ስለ ሞቱ በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። ገና በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ። አምልጠው ወደ ቤተሰባቸው ቢመለሱ ቤተሰቡ መልሶ ለባል ሰጣቸው፤ ዳግመኛ አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ። ያች የሸሸች ልጅ አድጋ፣ ባለ ሥራና ባለ ትዳር ከሆነች በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ገደማ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980፣ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ መጣች። በመንገድ ላይ ረኃብ የጣላቸውን ሰዎች አየች፤ የያዘችውን ዳቦና ጠበል አከፋፍላ፣ ሁለት ልጆች ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። በአንድ ዓመት ውስጥ የምታሳድጋቸው ልጆች 21 ደረሱ። በዚህ ምክንያት ትዳሯን ትታ ከልጆቹ ጋር ኑሮ ጀመረች፤ በኋላም በስሟ የሚጠራው ትልቅ ድርጅት ተቋቋመ። ክብርት ዶክተር አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ መልሶ መስጠት ነው። ሸሽቶ የመጣውን ልጅ መልሶ መስጠት ጥንትም ነበረ፤ እኔም በዘመኔ ደግሜዋለሁ።

ከቆቦ ወደ ሰሜን ዋጃንና አላማጣን አልፎ የግራት ካሕሱን አቀበት የወጣ ሰው ኮረም ይደርሳል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው የረኃብ መጠለያ በዚያ ነበር። በዚያ ዘመን ወላጅ ያጡ ልጆችን የሰበሰቡ ማሳደጊያዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ብዙ ነፍስ አድነዋልና። ነገር ግን ስማቸው በየትም ሳይጻፍ የሟች ጎረቤታቸውን ልጅ ከልጆቻቸው ጋር ቀላቅለው ያሳደጉ እናቶች በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች ሁሉ ነበሩ።

ወደ ነሐሴ ጉዞዬ ልመለስ። ባልቴቲቱ ቤት ስደርስ የፍልሰታ ሱባኤ ስላላለቀ በሽሮና በማሽላ እንጀራ አስተናገዱኝ። «እትዬ፣ ልጅ ማሳደግ እንዴት ሆነልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው፣ «መምህር፣ እንጀራ መስጠቱ ቀላል ነው፤ ሌላው ነው የሚከብደው» አሉኝ። በመጀመሪያው ወር ልጅቱ ከመሶቡ እንጀራ እየቈረሰች ከመደቡ ሥር ትሸሽግ ነበር። አልተቈጧትም፤ ትንሽ ሙዳይ ገዝተው እንጀራ ሞልተው ከራስጌዋ አኖሩና «ይህ ያንቺ ነው፤ ማታ ማታ እሞላልሻለሁ» አሏት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንጀራው ሳይነካ ሲደርቅ አይተው ልቧ እንደ ዐረፈ ዐወቁ። አንድ ነገር ከቁም ሣጥን ላይ ለማውረድ እጃቸውን ሲያነሡ ልጅቱ ራሷን በክንዷ ትሸፍን ነበር፤ ስለዚህ እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት «ሰፌዱን ላወርድ ነው» እያሉ መናገር ለመዱ። ሌሊት አልጋዋን ብታረጥብ ገና ሳይነጋ፣ ጎረቤት ሳያይ፣ አንሶላውን አጥበው ያሰጡት ነበር።

«ከሁሉ ያስገረመኝ ግን» አሉኝ «ለአባቷ ማልቀሷ ነው። ‹ፍየሎቹን ማን ያጠጣቸዋል? አባቴስ ብቻውን ምን ይበላል?› እያለች ታለቅስ ነበር። መጀመሪያ ተናደድሁ። በኋላ ግን ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ ‹ልጅ አባቱን ቢጠላ ኖሮ ያን ጊዜ ነበር የሚያስፈራው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቷ ክፉ ቃል ከአፌ አላወጣሁም።»

አባቷም በገበያ ቀን ይመጣ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ከደጃፉ አልፎ አልገባም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቁና ማሽላ አምጥቶ ከደጅ አኑሮ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ገብቶ ተቀመጠ፤ ልጅቱም ውኃ አቀረበችለት። ይቅርታ የሚል ቃል በመካከላቸው አልተሰማም፤ እርሷም ልመለስ አላለችም፤ እርሱም ተመለሺ አላላትም። አንባቢ ከዚህ የበለጠ ዕርቅ ይጠብቅ እንደ ሆነ የለኝም። ይህን ያህሉም ቢሆን ሦስት ዓመት የፈጀ ነው።

ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ በቆቦ የሶለል ጨዋታ ተጀመረ። ይህ በዓል በላሊበላ አሸንድዬ፣ በሰቆጣ ሻደይ የሚባለው ነው። ልጃገረዶች ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከወገባቸው ላይ ለምለም ቅጠል አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ተማሪዬም ከእነርሱ መካከል ነበረች። ስትዘፍን በማየቴ ብቻ አልተደሰትሁም፤ ጨዋታው አልቆ በመንገድ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋን ከግድግዳው ላይ አስደግፋ ማረፏን አየሁ።

ከዚያ በኋላ በራያ ላይ ብዙ ነገር ደረሰ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላ አንበጣ በላው። በዓመቱ መጨረሻ ጦርነት ወደ ቆቦ መጣ፤ በጳጉሜን ወርም በከተማይቱና በአካባቢዋ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። አያሌ ሕዝብ አስቀድሞ ወደ ደሴ ተሰዶ በየትምህርት ቤቱ ሰፍሮ ነበር። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የስደተኞቹን ስም ስንመዘግብ ባልቴቲቱና ልጅቱ ከሰልፉ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው፤ አንድ ቁመተ ረዥም ልጅም አብሯቸው ነበረ። የምዝገባው ሠራተኛ ባልቴቲቱን «ልጅቱ ለእርስዎ ምንዎ ናት?» ብሎ ጠየቃቸው። ሴትዮዋ ፍርድ ቤት የሰጣቸውን ወረቀት ከመቀነታቸው ሊፈቱ ሲጎነበሱ፣ ልጅቱ ቀድማ «እናቴ ናት» አለችው። «ይህስ ልጅ?» ቢል «ወንድሜ ነው» አለች።

ወንድሟ እንዴት አብሯቸው እንደ መጣ የነገሩኝ ማታ ነው። የተኩሱ ድምፅ ከሩቅ በተሰማ ጊዜ አባትየው ልጁን ከአጎቱ ዘንድ ወስዶ፣ ያን የዞብል ግርጌ መንገድ በቀን አቋርጦ፣ ከባልቴቲቱ ደጅ አደረሰው። እርሱ ከብቶቹን ትቶ መሄድ እንደማይችል ተናግሮ፣ «ይህንም አደራ» ብሎ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ይዞ ልጁን ሊያስመልስ የመጣ ሰው፣ የቀረውን አንድ ልጅ በገዛ እጁ ወደዚያው ቤት አመጣ። ልጅን ከአባቱ መለየት ይገባልን ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ደሴም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስባት ሦስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደዱ፤ በኋላም በሰላም ወደ ቆቦ ተመለሱ፤ አባትየውንም በሕይወት አገኙት።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፣ እያንዳንዳችን ዘንድ የክርስትና ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የተማሪ ልጅ አለ። የክርስትና ልጃችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? በዓል ጠብቆ ልብስ መላክ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ከደጃችሁ ላይ ቢቀመጥ የሚያውቀው ደጅ እንዲሆንለት አስቀድማችሁ መንገዱን አሳዩት። ያችን ልጅ ያዳናት ከሁሉ በፊት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ የአንድ ቤት አድራሻ በልቧ መኖሩ ነው። እንደ እኔ የምታስተምሩም፣ ልጁን ከመመለሳችሁ በፊት ወዴት እንደምትመልሱት እዩ።